በልጄ ወንበር ተቀምጬ ያየሁት

ትልቁ ልጄ አምስተኛ ክፍል ሲገባ፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛንለት። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ በኮምፒውተር ማሠራት ስለጀመረ እምቢ ማለት አልቻልንም። ሻጩ ዊንዶውስ 11 ጭኖ፣ የአማርኛ መጻፊያ አስገብቶ፣ «ዩዘር» የሚል አንድ አካውንት ያለ ይለፍ ቃል ከፍቶ አስረከበን። እኔም ልጄ የቤት ሥራውን መሥራቱን እንጂ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ማታ መብራት አታጥፉብኝ ማለት ጀመረ። ጨለማ የሚፈራ ልጅ አልነበረም። ሁለት ሌሊት ከእኔ ጋር ተኛ። በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ዞር ስል፣ «እማዬ፣ ሰው ሲሞት ዓይኑ ሳይከደን ይቀራል እንዴ?» አለኝ። ቀስ እያልኩ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። የእግር ኳስ ግቦች እያየ ሳለ፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየተከተለ፣ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ አድርሶታል። ርዕሱ የተጻፈው በአማርኛ ነበር። ያየውን እንዳላየ ማድረግ አልችልም። ያን ሌሊት እጁን ይዤ ስቀመጥ የቆጨኝ ኮምፒውተር መግዛቴ አልነበረም፤ ሳልቆልፍ መስጠቴ ነው።

ይህን የምጽፈው ለልጃቸው ኮምፒውተር ሊገዙ ላሰቡ፣ ገዝተውም ገና ምንም ላላደረጉ ወላጆች ነው። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ልጄ በኮምፒውተሩ የሚያየውንና የሚጠቀምበትን ሰዓት መገደቡ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ወሰደብኝ፤ ብዙውን ጊዜ የበላው ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነው። የማይክሮሶፍት የወላጅ መቆጣጠሪያ የተሠራው በሌላ ዘመን አቆጣጠር፣ በሌላ ሰዓትና በሌላ ቋንቋ ለሚኖር ቤተሰብ ነው። እኛ ቤት ሲገባ እንደ ልብስ በልክ መስፋት ይፈልጋል።

መጀመሪያ የጠራሁት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ወጣት ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «እትዬ፣ የዚህ ኮምፒውተር አዛዥ ልጅዎ ነው፤ እርስዎ እንግዳ ነዎት» አለኝ። ዊንዶውስ ሁለት ዓይነት አካውንት አለው። አድሚኒስትሬተር የሚባለው ፕሮግራም ይጭናል፣ ያጠፋል፣ ሰዓት ይቀይራል፣ የሌሎችን አካውንት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስታንዳርድ የሚባለው በተፈቀደለት ውስጥ ይሠራል። በኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈተው የመጀመሪያ አካውንት አድሚኒስትሬተር ስለሆነ፣ ልጁ በእሱ የሚገባ ከሆነ ምንም ዓይነት ቁጥጥር ብትጭኑ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው።

ስለዚህ ከራሴ ጀመርን። በኮምፒውተሩ ላይ የእኔን የማይክሮሶፍት አካውንት አስገባን፤ አድሚኒስትሬተር አደረግነው። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተን፣ አካውንትስ የሚለው ሥር ፋሚሊ የሚለውን ከፍተን፣ ለልጄ የራሱን አካውንት ፈጠርን። የቤት ሥራዎቹን ከአሮጌው አካውንት በፍላሽ ገለበጥንለት። በመጨረሻም «ዩዘር» የሚለውን አጠፋነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አደራ እላለሁ። አሮጌው አካውንት ካልጠፋ መግቢያው ገጽ ላይ እንደተቀመጠ ይኖራል፤ ልጁም እሱኑ ነክቶ ይገባል። የሌላው ሥራ ሁሉ በዚያች አንዲት ጠቅታ ገደል ይገባል።

የልጁን አካውንት ስንከፍት የልደት ቀን ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ደከምን። ልጄ የተወለደው በ2006 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 12 ቀን ነው። እጄ እንደለመደው 2006 ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያው የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ስለሆነ ልጄን የ19 ዓመት ወጣት አደረገው፤ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቀው ገጽም ሳይመጣ ቀረ። እኛ የመጣ መስሎን ቀጠልን፤ ገደቦቹ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ አዋቂ ሰው ሲያስተናግዱት ግራ ገባን። ስህተቱን ያገኘነው ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ በአንድ ስናይ ነው። መሆን የነበረበት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2014 ነበር። አካውንቱን ሰርዘን እንደገና ጀመርን። በግርድፉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለተወለደ ልጅ 7 ዓመት፣ ከጥር ወዲህ ለተወለደ 8 ዓመት ትደምራላችሁ። ልጁ ፓስፖርት ካለው ደግሞ እዚያ ላይ ያለውን ቀን መገልበጥ ከሁሉም ይሻላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ የሚባለው አገልግሎት በነፃ ነው የሚገኘው፤ በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል። ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን ልጁ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ኮምፒውተር መጠቀም እንደሚችልና በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት ታስገባላችሁ። ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ብለን ተስማምተን ነበርና 1፡00 እና 3፡00 ብዬ ሞላሁ፤ ከሰዓት የሚለውንም መረጥኩ። ሰኞ መሥሪያ ቤት ሆኜ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ራቱን በልቶ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሊከፍት ሲል ኮምፒውተሩ ጊዜህ አልፏል ብሎታል። እኔ የወሩን ሒሳብ ልዘጋ አምሽቻለሁ። አምስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ጠየቀ፤ አምስቱም በስልኬ መጣ። እኔ የፈቀድኩለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ልጁ ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት። የእኛ ማታ አንድ ሰዓት እዚያ 7፡00 ነው፤ ስድስት ይደመርበታል። ከመሙላታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ጻፉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ የሰዓት ቀጠናቸው ሳይቀየር ይቀራል። የእኛው የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻን ሰዓት ይዞ ነበር የመጣው። ሴቲንግስ ውስጥ የቀጠናዎቹን ዝርዝር ስታዩ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኙም፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ወደ ፋሚሊ ሴፍቲ የድረ ገጽ ማጣሪያ ስንመጣ፣ የሚሠራው ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም፣ ውስጥ ነው። ሲበራ ለአዋቂዎች ብቻ የሆኑ ድረ ገጾችን ይዘጋል፤ በፍለጋ የሚመጡትንም ያጣራል፤ ዱካ የማይተወውን ድብቅ መስኮት ያጠፋዋል። ክሮምና ፋየርፎክስን የመሳሰሉ ሌሎች ብራውዘሮች ለልጁ ይዘጋሉ። ልጄ «ክሮም ተበላሸ» ብሎ መጣ፤ አልተበላሸም። የፕሮግራምና የጌም የዕድሜ ገደብ አለ፤ እሱን የልጁን ዕድሜ መርጦ ማለፍ ነው።

እዚህ ስደርስ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ወጣቱ ጎረቤቴ ግን ቡናውን ጠጥቶ ሊወጣ ሲል፣ «እትዬ፣ አሁን በልጅዎ አካውንት ገብተው እሱ የሚያደርገውን ሁሉ ራስዎ ይሞክሩ፤ በወላጅ አካውንት ሆነው ሁሉም ነገር ደኅና ነው የሚመስለው» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድ ምክር ብቻ መርጠሽ ንገሪን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይህን ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የልጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅ ያለች ናት፤ ጉልበቴ ጠረጴዛውን ይነካል። በእሱ አካውንት ገብቼ አንድ ልጅ በጉጉትም በስህተትም ሊጽፈው የሚችለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ወዲያው ተዘጋ። ደስ አለኝ። ከዚያ ያንኑ ቃል በአማርኛ ጻፍኩት። ተከፈተ። በእኛ ፊደል ሳይሆን በላቲን ፊደል የአማርኛውን ድምፅ ጻፍኩ፤ እሱም ተከፈተ። «ድብድብ»፣ «ግድያ» እያልኩ ቀጠልኩ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቁጭ አልኩ። ያገኘሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ማጣሪያ የሚባለው ነገር በብዛት የሰለጠነው በትልልቆቹ የዓለም ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛን የሚያውቀው በጥቂቱ ነው። ልጆቻችን ደግሞ የሚያስቡትም የሚፈልጉትም በአማርኛ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚኖር ቤተሰብን የሚጠብቀው ግድግዳ እኛን በከፊል ብቻ ይጠብቀናል። ቀሪውን በእጅ መሥራት ግድ ሆነ። ያን ሌሊት ያገኘኋቸውን ድረ ገጾች አድራሻ አንድ በአንድ ወስጄ፣ ፋሚሊ ሴፍቲ ውስጥ ሁልጊዜ የሚከለከሉ በሚለው ዝርዝር አስገባኋቸው። በየወሩ አንድ ማታ ወንበሯ ላይ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ዩቲዩብ ለብቻው መታየት አለበት። ድረ ገጹን ከፈቀዳችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ፈቅዳችኋል፤ የኮምፒውተሩ ማጣሪያ ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ አያይም። በገጹ ላይ ያለውን የራሳችሁን ምስል ስትነኩ ከሚመጣው ዝርዝር ታች ሬስትሪክትድ ሞድ የሚል አለ፤ እሱን አብሩት። ለዐዋቂ የሆኑ ቪዲዮዎችን ይቀንሳል፤ አስተያየቶችንም ይደብቃል። ዩቲዩብ ራሱ ይህ አሠራር በሁሉም ቋንቋ ቢኖርም ጥራቱ ሊለያይ እንደሚችል ይገልጻል፤ ለአማርኛ ብዙ አትመኑበት። በአንድ ብራውዘር ላይ ብቻ የሚበራ ስለሆነና ልጁ ራሱ ሊያጠፋው ስለሚችል አልፎ አልፎ ማየት ያስፈልጋል። ከእሱ በላይ የጠቀመን ግን በቪዲዮው ላይ ያለችውን በራስ የማስከተል ቁልፍ ማጥፋት ነው። አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ ዝም ይላል። ልጁ ቀጥሎ የሚያየውን ራሱ አስቦ ይመርጣል። ልጄን ያገኘው ነገር ያገኘው እሱ ሳይመርጠው ነበርና ይህች ትንሽ ነገር ለእኔ ትልቅ ናት።

ቀጥሎ ራውተሩን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ዕቃ፣ አስተካከልን፤ ይህ በዋይፋዩ ለሚጠቀም ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ስለሚሠራ ይጠቅማል። ዲኤንኤስ የሚባለው የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው አገልግሎት ነው። የአዋቂዎችን ድረ ገጾች አልፈታም የሚሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ። ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ለቤተሰቦች ያወጣው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው። ኦፕንዲኤንኤስ ደግሞ 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 አለው። ከእነዚህ የአንዱን ቁጥሮች በራውተሩ ገጽ ላይ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ ታስገባላችሁ። ብዙ ራውተሮች በብራውዘሩ የአድራሻ ቦታ ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ስትጽፉ ይከፈታሉ፤ የመግቢያ ስሙና ይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ልጁም ያን ወረቀት ማንበብ ስለሚችል ወዲያው ቀይሩት። ራውተሩ አላስገባ ካለ ቁጥሮቹን በላፕቶፑ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ስታንዳርድ አካውንት ያለው ልጅ ሊቀይራቸው አይችልም። ዲኤንኤስ ድረ ገጽን በሙሉ ይዘጋል ወይም ይከፍታል እንጂ አንድን ቪዲዮ ለይቶ አይዘጋም። በራውተሩ ላይ ያስገባችሁት ደግሞ ልጁ ላፕቶፑን ከስልክ ዳታ ጋር ሲያገናኘው አይከተለውም። በእኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ስለሚጠፋ የስልክ ዳታ መክፈት የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ በሁለቱም ላይ አስገባነው።

ስለ መብራት ካነሳሁ፣ ፋሚሊ ሴፍቲ ላይ የምታደርጉት ለውጥ ወደ ልጁ ኮምፒውተር የሚደርሰው በኢንተርኔት ነው። አንድ ቀን ፈተና ስለነበረበት አንድ ሰዓት ጨመርኩለት፤ ቤት ኢንተርኔት ስላልነበረ አልደረሰውም፤ ያጠናበት የነበረው ኮምፒውተር ተቆለፈበት። ለፈተና ሰሞን የሚያስፈልገውን ሁሉ ከቀናት በፊት አስተካክሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ከማብራቴ በፊት ልጄን አስቀምጬ ነገርኩት። ምን እንደምዘጋ፣ ለምን እንደምዘጋ፣ በየሳምንቱ ምን ዓይነት ሪፖርት እንደሚደርሰኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ የመጀመሪያውንም ሪፖርት አብረን አየነው። ስንት ሰዓት እንደሚበቃው ስጠይቀው «ሦስት» አለ፤ እኔ አንድ ተኩል አልኩ፤ ለትምህርት ቀን ሁለት፣ ለቅዳሜ ሦስት ብለን ተስማማን። አንዲት ጓደኛዬ ልጁ ሳያውቅ የሚጽፈውን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ጫኚ ብላኝ ነበር። ለእሷ የተናገርኩትን እዚህም እደግመዋለሁ፤ አላደርገውም። ያ ሌሊት ልጄ ያየውን የነገረኝ ስላመነኝ ነው። በድብቅ የምከታተለው መሆኑን ያወቀ ዕለት የሚቀጥለውን አይነግረኝም። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ከየትም የተገኙ ሲሆኑ ደግሞ ራሳቸው ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በሰላም ሄደ ማለት አይደለም። ታኅሣሥ ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ነበር፤ ቦታውን ልቀይር ሳነሳው ከሥሩ ሞቋል። ልጄን አየሁት፤ እሱም አየኝ። በእኔ አካውንት ገብቶ ሁለት ሰዓት ጌም ተጫውቷል። ፒን ቁጥሬን እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው፣ «ስትጽፊ መሐል ላይ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ትነኪዋለሽ። ዜሮ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የእኔ ዓመት መሆኑን አወቅኩ» አለኝ። ፒኔ 2006 ነበር። አልተቆጣሁትም፤ በዚያ ዕለት ግን ኮምፒውተር እንደማይከፈት ነገርኩት፤ ተቀበለ። ፒኑን ረዥም አደረግኩት፤ ከልደት ጋርም ከስልክ ቁጥር ጋርም አይገናኝም። ስልኬንም እንዲሁ ቆለፍኩ፤ ተጨማሪ ሰዓት ሲጠይቅ ፈቃዱ የሚሰጠው በእሱ ነውና። ላፕቶፑን ከመኝታ ክፍሉ አውጥተን ሳሎን፣ ከቡና ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥነው። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

ማጣሪያው ከመጠን በላይ የሚያጠብቅበትም ጊዜ አለ። ስለ ሰውነት ክፍሎች የሳይንስ የቤት ሥራ ተሰጥቶት አንድ ድረ ገጽ ተዘጋበት፤ ፈቃድ ጠየቀ፤ ቢሮ ሆኜ አየሁትና ከፈትኩለት። ልጁ ሲጠይቅ ቶሎ መመለስ ዋጋ አለው። ብዙ ቀን መልስ ያጣ ልጅ መጠየቁን ትቶ ሌላ መንገድ መፈለግ ይጀምራል።

መብራት አታጥፉ ማለቱን በሁለተኛው ወር አካባቢ ተወ። መቼ እንደተወ እንኳን ልብ አላልኩም ነበር፤ አባቱ ነው ያስታወሰኝ።

ባለፈው ሳምንት ለታናሽ እህቱ በዚያው ላፕቶፕ አካውንት ከፈትንላት። ለእሷ ማጣሪያውን ከማመን ይልቅ የተፈቀዱ ድረ ገጾች ብቻ የሚለውን መረጥኩ፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስድስት ድረ ገጾች ይበቋታል። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። የልደት ቀኗን ልሞላ ጥር ብዬ ስጀምር እጄን ያዘኝና፣ «2010 እንዳትይ እማዬ፤ 2018 ነው» አለኝ።